ሁለት ሪፊውቴሽን ከዓደን ይላክልን

አሰብ፣ ሰኔ 9 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓሊዪ፣
ዓደን።

በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፦ የመርከብ ወኪል ቢሮአችንን ለአራት ዓመት ተኩል በቅንነት እያናፈሰ ያገለገለው ቬንቲላቶሬ ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስት ጊዜ አቃስቶ፣ አንድ ጊዜ ጢስ ተንፍሶ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። አስከሬኑ መጋዘን ውስጥ ይገኛል። ቀብሩ የዓደን ፈቃድ እንደ መጣ ይፈጸማል።

ሰላምታዬ ከመርዶ በኋላ በመምጣቱ ይቅር በለኝ። እኔም፣ ባለቤቴ ሐረገወይንም፣ አንተ ባሕር ስትሻገር አጠገብህ ልሁን ብላ አሰብ የወረደችው እናትህ እተዬ አሊማም ደኅና ነን። ምንም አልጎደለብንም፤ ሙቀቱማ ጭራሽ ተርፎናል።

ነገሩ ግን በለቅሶ አላበቃም። ዓደን ባለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሹም ተሹሟል። እንግሊዝ ነው። ደብዳቤውን ሁሉ «ካይንድሊ» ብሎ ስለሚጀምር እኛ ሚስተር ካይንድሊ ብለን ሰይመነዋል። ትርጉሙ «እባክህ» ነው ይላሉ፤ እኔ ግን «ወዮልህ» ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ይኸው ሰው «ቬንቲላቶሬው የተቃጠለው አሥራት የተባለው ጸሐፊ እርጥብ ሸሚዙን ስላሰጣበት ነው የሚል ወሬ ደርሶኛል፤ ካይንድሊ መልስ ስጥ» ብሎ ጻፈብኝ።

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ያችን ትንሽ መዝገበ ቃላት ገልጬ «ማስተባበል» የሚለውን ብፈልግ ሁለት ቃል አገኘሁ። አንዱ «ዲናይ» ይላል። አጭር ነው፤ የደሀ ቃል ይመስላል። ሁለተኛው «ሪፊውት» ይላል፤ ሲጠሩት አፍ ይሞላል። እኔም የመርከብ ወኪል ጸሐፊ ነኝና አፍ የሚሞላውን መረጥኩ። «ወሬውን ሪፊውት አደርጋለሁ» ብዬ በጽሕፈት መኪና መትቼ፣ ማኅተም አሳርፌ ላክሁ።

በሳምንቱ መልስ መጣ። «ካይንድሊ ሪፊውቴሽንህን በሚቀጥለው መርከብ ላክ» ይላል።

ከመጋዘን ጠባቂው ከሳኒ ጋር መከርኩ።

«ሳኒ፣ ሪፊውቴሽን አለን?»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«አላውቅም።»

«በሳጥን ነው በከረጢት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ባውቅ እጠይቅሃለሁ?»

«እንግዲያው የለም። እኔ የማላውቀው ዕቃ እዚህ መጋዘን ውስጥ የለም።»

ቢሆንም ሁለት ቀን ፈለግን። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የዛገ መልሕቅ፣ ግማሽ በርሜል ቀለምና አንድ የሞተች አይጥ አገኘን። ሪፊውቴሽን አላገኘንም። ስለዚህ «ሪፊውቴሽን የሚባል ዕቃ በአሰብ መጋዘን የለም፤ ለወደፊት ሥራ እንዳይቆም ሁለት ከዓደን ይላክልን» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ለሐረገወይን ብነግራት፣ «ሁለት ለምን አልክ?» አለችኝ።

«አንዱ ቢሰበር መጠባበቂያ።»

«መጠባበቂያ የሚያስፈልግህስ ለራስህ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ልቤ ፈራ።

አንተ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ስለሆንክ እንግሊዝኛ ሁሉ በጣትህ ያልፋል። ይህ ነገር ምን እንደሆነ፣ ክብደቱን ጨምረህ፣ በከሊፋ ጀልባ ቶሎ ጻፍልኝ።

ወንድምህ አሥራት


ዓደን፣ ሰኔ 24 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለጋሼ አሥራት፣
አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተ ክርስቲያን ብትሆንም ሰላምታው አይጣላህም፤ ቅድመ አያታችን አንዲት ናት፤ በሁለት በር የወጡት ልጆቿ ናቸው። ለቬንቲላቶሬው ነፍስ ይማር አልልም። ለእናንተ ግን ነፋስ ይላክላችሁ።

ደብዳቤህን ሥራ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ሁለት ይላክልን» የሚለው ጋ ስደርስ አንድ ሙሉ ሳጥን ፊደል ከእጄ አምልጦ ተበተነ። ግማሽ ቀን ከመሬት ስለቅም ዋልኩ። ፊደል ለቃሚ መሆኔን ያን ቀን አረጋገጥኩ።

ጋሼ፣ ሪፊውቴሽን በኪሎ አይመዘንም። እንግሊዞች እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ ሁለት ሰው ይለዩአቸዋል። ዲናይ ማለት «አላደረግኩም» ብሎ መካድ ነው። ሪፊውት ግን ክሱ ሐሰት መሆኑን በማስረጃ አሳይቶ መርታት ነው። አንተን ያሳሳተህ የኛው «ማስተባበል» ነው፤ ሁለቱን በአንድ ነጠላ ይሸፍናቸዋል። የአያቶቻችንን ችሎት አስታውስ። «አላደረግኩም» ያለ ይምልና ይቀመጣል። «እረታለሁ» ያለ ግን ዋስ ይጠራል፣ ይወራረዳል፣ ምስክር ይቆጥራል። አንተ ሳታውቀው ለአንዲት ሸሚዝ እሰጥ አገባ ገጥመሃል።

እዚህ በሁለት እጅ የሚነሣ ትልቅ መዝገበ ቃላት አለ። ቃሉ ላቲን ነው ይላል። ፊተኛው ቁራጭ «ወደ ኋላ» ማለት ነው፤ የቀረው መምታት ነው። የመጣብህን መትተህ ወደ መጣበት መመለስ እንደ ማለት። እንግሊዞች ከወሰዱት አራት መቶ ዓመት ሆኖታል። «ኮንፊውት» የምትባል እኅትም አለችው። የድሮ ሊቃውንት ስለ እሷ ሲያወሩ፣ ድስት ሊገነፍል ሲል ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጎ ማስተኛት ነበር ይላሉ። የዛሬዎቹ «እርግጠኞች አይደለንም» ይላሉ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አትዘን፤ ባለቤቶቹም ያበላሹታል። በየቀኑ የምለቅመው ጋዜጣ «ሹሙ ወሬውን ሪፊውት አደረጉ» ይላል። ስትመረምረው ሹሙ ያደረጉት «ውሸት ነው» ብለው በራቸውን መዝጋት ብቻ ነው። አራሚያችን አንድ የሕንድ ሽማግሌ ናቸው። ይህን ባዩ ቁጥር «ማስረጃው የታለ?» እያሉ በቀይ ይሰርዙና «ዲናይ» ይጽፉበታል።

ስለዚህ ነገሩ ሳይገነፍል፣ ዲናይ ለማለት ነበር ብለህ ጻፍ። ሸሚዝህንም ከአሁን ወዲያ በገመድ ላይ አስጣ።

ይህን ቃል ላንተ ስጽፍልህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን አላነበብከውም።

እናቴን ሳምልኝ።

ዓሊዪ


አሰብ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓሊዪ፣
ዓደን።

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ጭንቀቴ ይከተል።

ቀዝቃዛ ውሃ ላልከው፣ አሰብ ቀዝቃዛ ውሃ የለም። እዚህ በሚገነፍል ድስት ላይ የምናፈስሰው ራሱ የፈላ ነው። ክርክራችን የማይበርደው ለዚህ መሆኑን አሁን ተረዳሁ።

ምክርህ ዘግይቶ ደረሰ። ሚስተር ካይንድሊ «ሁለት ሪፊውቴሽን የጠየቀ ጸሐፊ በምን ፈተና ገባ?» ብሎ የ1945ን ፋይል አስወጣ። ደሴ የተፈተንነው፣ ማለቴ የተፈተንኩት፣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ተገኘ። አራተኛው ጥያቄ «ዲናይንና ሪፊውትን ለይተህ ጻፍ» የሚል ኖሯል። መልሱ በሚያምር እጅ እንዲህ ይላል፦ «ለመካድ አፍ ይበቃል፤ ለመርታት ግን እጅ ያስፈልጋል።» ካይንድሊ ከሥሩ በቀይ ጻፈበት፦ «ይህን የጻፈ ሰው ነው ሪፊውቴሽን በመርከብ ጫኑልኝ የሚል?»

እኔና አንተ ብቻ የምናውቀውን አሁን በወረቀት ላይ ላወጣው ነው፤ ይህን ገጽ አንብበህ ቅደደው። ኅዳር 12 ቀን 1945 እኔ ወባ ይዞኝ አልጋዬን እያንቀጠቀጥኩ ነበር። አንተ በስሜ ገብተህ ተፈተንክልኝ። ወንድም ለወንድም ያደረገው ነው፤ ወንጀል የሚለው ወንድም የሌለው ነው።

ከዚያው ፋይል ሌላ ወረቀት ወጣ። በ1946 አንተ በራስህ ስም የተፈተንከው ነው። እጁ አንድ፣ አራተኛው መልስ አንድ። ያኔ ፈታኙ ምን እንዳለህ አላስታውስም፤ ሳትቀጠር መቅረትህን ብቻ አስታውሳለሁ። ካይንድሊ «ማን ከማን ቀዳ? ካይንድሊ አንድ ገጽ በእጅህ ጽፈህ ላክ» አለኝ።

የእኔን እጅ ታውቀዋለህ። ዶሮ ጭቃ ረግጣ ወረቀት ላይ ያለፈች ነው። ለዚህ ስል አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ከጽሕፈት መኪና ተለይቼ አላውቅም። ስለዚህ «ቬንቲላቶሬውን ለማዳን ስጣጣር ቀኝ ጣቴን ቆርጦኛል» ብዬ በመኪና መለስኩ። ይኸው አሁን ጣቴን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ እዞራለሁ። ወደብ ላይ ያየኝ ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል፤ እኔም እግዜር ይስማ እላለሁ።

ካይንድሊ አልተፋታኝም። «እንግዲያው ዓሊዪ የተባለው ሰው በ1945 አለመፈተኑን ፈርሞ ይስጥ። እስከ መስከረም 30 ሪፊውቴሽንህ ካልደረሰ፣ ካይንድሊ ሥራውንና የኩባንያውን ቤት ልቀቅ» ብሏል። ቤቱን ብለቅ ሐረገወይንን ይዤ የት እንደምገባ አላውቅም።

የምለምንህ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። «ያን ቀን በወባ ታምሜ ኮምቦልቻ ተኝቼ ነበር» በልና ፈርም። ወባዬን አውስሃለሁ። ወባው እውነተኛ ነው፤ የሚለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው።

አሥራት


ዓደን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አሥራት፣
አሰብ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሐምሌ 8 ቀን የጻፉት ደብዳቤ በአራተኛው ቀን ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

የጠየቁትን ወረቀት በሚመለከት ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ ለዕውቀትዎ ያህል ስለ ቃሉ ያገኘሁትን ልጨምር። ሰው ሪፊውት የሚያደርገው አንድን ክስ ነው፤ ያም ክስ ሐሰት መሆን አለበት። እውነት የሆነን ክስ መካድ ይቻላል። መርታት ግን አይቻልም። የከፈትኳቸው መዝገበ ቃላት ሁሉ በዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም።

በተጨማሪ፣ የሚስተር ካይንድሊ ቢሮ ከማተሚያ ቤታችን የሦስት ደቂቃ መንገድ መሆኑን ለመግለጽ እወዳለሁ። ጠዋትና ማታ በደጁ አልፋለሁ። እስካሁን አልገባሁም።

ጣትዎን አላህ ይፈውስልዎ።

ዓሊዪ


አሰብ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

አንተ ዓሊዪ!

ሰላምታ የለኝም፤ በ«እርስዎ»ህ አለቀ። በቤተ ዘመዳችን «እርስዎ» የሚባለው ለዳኛ፣ ለአማትና ቶሎ እንዲሄድ ለሚፈለግ እንግዳ ነው። እኔ ከሦስቱ የትኛው ነኝ? ወንድም ወንድሙን «እርስዎ» ሲለው ሰላምታ አይደለም፤ የመጥሪያ ወረቀት ነው።

«እስካሁን አልገባሁም» አልክ። «እስካሁን» ማለት ምን ማለት ነው? ይህንንም በትልቁ መዝገበ ቃላት ፈልግልኝ። የሦስት ደቂቃ መንገድ! እውነቱን ንገረኝ፤ የሸሚዜን ወሬ ለካይንድሊ ያደረስከው አንተ ነህ? አሰብ የተሰጣ ሸሚዝ ዓደን ድረስ በራሱ አይበርም።

ትናንት እኩለ ቀን እናትህ ቢሮ መጣች። ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው፤ እተዬ አሊማ ሱቅ የምትዘጋው ለቀብር ብቻ መሆኑን ታውቃለህ።

«ጣትህ እስካሁን አልዳነም?» አለችኝ።

«አልዳነም፣ እተዬ።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«ክፉ ቁስል ነው። የባሕር አየር አልተስማማውም።»

«ና እስቲ ልየው። ደሴ ስንቱን ቁስል በዚህ እጄ አድርቄአለሁ።»

«ግድ የለም፣ አትድከሚ...»

«ዝም በል! ሕፃን ሳለህ አጥቤሃለሁ፤ ካንተ ገላ ምን አዲስ ነገር ይወጣል?»

ሳኒ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጓል። ጨርቁን ፈታችው። ረጅም ጨርቅ ነበር፤ ስትፈታው ማለቂያ አጣ። በመጨረሻ ጣቴ እንደ አራስ ልጅ ጣት ነጥቶና ለስልሶ ወጣ። አገላብጣ አየችው። መልሳ ጠቀለለችው፤ ከበፊቱ ይልቅ አጥብቃ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረችና ሄደች።

የተናገረችውን ለመጻፍ ወረቀቱ አይበቃኝም።

ወረቀቱን ላክልኝ። በእናትህ ይዤሃለሁ።

አሥራት


አሰብ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 1949 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓሊዪ፣

ከሊፋ ሁለት ጊዜ መጣ። ፊት ቴምር፣ ኋላ ሽንኩርት አመጣ። ደብዳቤ አላመጣም። «ዓሊዪ ምን ይላል?» ብለው «ሰላም በልልኝ ይላል» አለኝ። «ሌላስ?» ብለው «ሌላውን ዝም ይላል» አለኝ።

አንድ ወር ብቻ ቀረኝ። ሐረገወይን የሸክላ ዕቃዎቿን በገለባ መጠቅለል ጀምራለች። «ምን ልትሆኚ ነው?» ስላት «አቧራ እንዳይነካቸው ነው» ትለኛለች። አሰብ አቧራ ዛሬ የጀመረ ይመስል። ለምን ቤቱ እንደሚወሰድብን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ዲናይ ተቀምጠን እንበላለን።

አሥራት


ዓደን፣ መስከረም 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ጋሼ አሥራት፣

አዲሱን ዘመን አላህ የነፋስ ዘመን ያድርግልህ። ወደ «አንተ» ተመልሻለሁ። በ«እርስዎ» ልቆጣ ብዬ ነበር፤ በ«እርስዎ» እውነት መናገር ግን አቃተኝ።

«ወረቀቱ አይበቃኝም» ያልክበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነበር። እኔ የፊደል ሰው ነኝ። በኛ ሥራ ባዶ ቦታ የሚባል የለም፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በእርሳስ የተሞላ ነው፤ ከፊደሉ እኩል ይከብዳል። እናቴ ያለችህን ልትነግረኝ አልፈለግህም። እንግዲያው አንተ «አላስታውስም» ያልከውን እኔ ላስታውስህ።

በ1946 ፈታኙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ። አርባ ሰው ፊት አስነሥቶ «ይህ ልጅ የአሥራትን መልስም፣ እጅም ሰርቋል» አለ። ጋሼ፣ እኔ መርታት እችል ነበር። «እርሳስ ስጡኝና እዚሁ ልጻፍ፤ አሥራትንም ከአሰብ አስመጡትና ይጻፍ» ብል ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አንተ ግን ሥራ ይዘህ ለሐረገወይን ሽማግሌ የላክህበት ወር ነበር። ስለዚህ «አልሰረቅኩም» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። መርታት እየቻልኩ ካድኩ።

የካደ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ላይ ስሜ «እጅ ሌባው» ሆነ። የዙለይኻ አባት «ዛሬ እጅ የሰረቀ ነገ ልጄን ይሰርቃል» ብለው የላክሁባቸውን ሽማግሌ መለሱ። ሰው ዓደን የሄድኩት እንግሊዝኛ ፍለጋ ይመስለዋል። እኔ የመጣሁት በእጅ የማይጻፍበት ሥራ ፍለጋ ነው። ፊደል ለቃሚ የእጅ ጽሑፍ የለውም።

ስለ ሸሚዙ ለካይንድሊ የነገርኩት ነገር የለም። ይህን እክዳለሁ። ልረታህ አልችልም፤ ማመን ያንተ ነው።

የጠየቅኸው ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። በ1945 አልተፈተንኩም ይላል። ፈርሜአለሁ። ሳትልከው በፊት ግን አንድ ነገር አስብ። የ1945ቱ እጅ የኔ ካልሆነ የ1946ቱ የተሰረቀ ነው ማለት ነው። በዚህች ፊርማ ፈታኙን «እውነት ብለሃል» አልኩት። ከዛሬ በኋላ መካድም መርታትም የለኝም።

ቤትህንና ሐረገወይንን አስቤ ፈረምኩ። እጄን ስሰጥህ ሁለተኛዬ ነው። ሦስተኛ እጅ የለኝም።

ዓሊዪ


አሰብ፣ መስከረም 27 ቀን 1950 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓሊዪ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እኔ ገና አላገኘሁትም፤ ግን ሽታው መጥቶልኛል።

ወረቀትህን አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። መቼም አሰብ ነው፤ ላብ ፊርማህን ሊያጠፋው ሲደርስ አውጥቼ ለሐረገወይን ሁሉን ነገርኳት። ደብዳቤህንም አነበብኩላት።

«የተፈተነው ዓሊዪ ነው?» አለች።

«ዓሊዪ ነው።»

«ታዲያ እኔ ያገባሁት ማንን ነው?»

«ወባ የያዘውን።»

አንድ ሳህን ጠቀለለች። ሌላ ሳህን ጠቀለለች። «ሰውዬው አርባ ሰው ፊት ሲዋረድ አንተ ሰምተህ ነበር?» አለችኝ። እዚህ ላይ ማስተባበል አማረኝ። በሁለቱም ዓይነት አማረኝ። «ሰምቻለሁ፤ እተዬ አሊማ ያን ጊዜውኑ ልካብኝ ነበር» አልኩ።

«ካሚዮን ከደሴ ወደ አሰብ ብቻ ነው የሚሄደው?»

«ሁለቱንም ይሄዳል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ቁልቁል የመጣ ሽቅብ ይመለሳል። እኔ በሰው እጅ በተገኘ ቤት አቧራ ስጠርግ መኖሬን ሳላውቅ ኖሬአለሁ፤ አውቄ አልጠርግም።»

አሁን ደግሞ ባዶውን ገጽ ልሙላልህ። እናትህ ጣቴን መልሳ ስታስረው ያለችኝ ይህ ነው፦ «ያንተ ጣት ሳይቆስል ታሰረ። የልጄ እጅ ሳይሰርቅ ታሰረ። የትኛው ይቅደም ሲፈታ?»

ጣቴን ፈታሁ። ወረቀትህን ይኸው መልሼልሃለሁ፤ ፊርማህን ለተሻለ ነገር አስቀምጠው። ስለ ሸሚዙ አምኜሃለሁ፤ ማስረጃም አልጠየቅኩም።

ለካይንድሊ በገዛ እጄ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላት አልገለጥኩም። እንግሊዝኛው ያነክሳል፤ ፊደሉ ይንገዳገዳል። ሐረገወይን አይታው «ይህን ያየ ሰው ሌላ ምስክር አይጠራም» አለች። ዛሬ በከሊፋ ጀልባ ይሄዳል። ይህ ደርሶህ በካይንድሊ ደጅ ስታልፍ ዝም ብለህ አትለፍ፤ ግባ። የሚጠብቅህ ዕቃ አለ። የደብዳቤውን ግልባጭ በአማርኛ እነሆ።

ወንድምህ አሥራት


(ግልባጭ)

ለዋናው መሥሪያ ቤት፣
ዓደን።

ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የተሰጡ መግለጫዎችን ስለ ማረም።

ቬንቲላቶሬው በራሱ ጊዜ ተቃጠለ ተብሎ ከዚህ ቢሮ የተገለጸው፣ እርጥብ ሸሚዝ ተሰጥቶበት ተቃጠለ ተብሎ እንዲታረም፤ ሸሚዙ የጸሐፊው ነው። የጸሐፊው ቀኝ ጣት ተቆርጧል የተባለውም በፍጹም ጤንነት ላይ ይገኛል ተብሎ እንዲነበብ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚሁ ጣት ስለሆነ ከ1945ቱ የፈተና ወረቀት ጋር እንዲተያይ በትሕትና እናሳስባለን። በዚያ ወረቀት ላይ «አሥራት» ተብሎ የተጻፈው ስም «ዓሊዪ» ተብሎ ይነበብ። በ1946 ዓሊዪ ሰረቀ የተባለው እጅ የራሱ የዓሊዪ ነው።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ሰኔ ወር «ሪፊውቴሽን የሚባል ዕቃ በአሰብ መጋዘን የለም፤ ሁለት ከዓደን ይላክልን» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ዳግም በተደረገ ፍተሻ አንድ ተገኝቷል። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በጸሐፊው ቤት ተደብቆ የኖረ ሲሆን ምንም ብልሽት የለበትም። በዚህ ጀልባ ተጭኗል።

ካይንድሊ ለባለቤቱ ይሰጥ።